በዋንጫው ቀን የተያዘ ቀጠሮ

ጓደኛዬ ሽማግሌ በላከበት ቀን ቤቱ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበረበት። ደንቡ እንደዚያ ነው። ሽማግሎቹ የልጅቷን አባት ሊለምኑ ይሄዳሉ፤ ጠያቂው ግን አብሮ አይሄድም፣ ከሚዜው ጋር ተቀምጦ ስልኩን እያየ ጥፍሩን ይበላል። ሚዜው እኔ ነኝ። ሠርጉ ቀርቶ ገና እሺታው ሳይገኝ የሾመኝ ራሱ ነው፤ እኔም ሹመት የምገፋ ሰው አይደለሁም።

ችግሩ ጓደኛዬ መጠበቅ አያውቅበትም። የመጀመሪያው ዙር ሽማግሌ የሄደ ዕለት ዊንቸስተር ሰፈር ያለው አፓርታማዬ መጥቶ ከሶፋው ወደ ፍሪጁ፣ ከፍሪጁ ወደ መስኮቱ ሲመላለስ ዋለና ፍሪጄን እንደከፈተው ሄደ። አባትየው በዚያ ዙር እሺም እምቢም አላሉም። «ላስብበት» ብለው ለሌላ እሁድ፣ ከቸርች በኋላ አመሻሹ ላይ ቀጠሮ ሰጡ። ይሄም ደንብ ነው፤ ልጁን በአንድ ቃል የሚሰጥ አባት የለም። ጓደኛዬ ግን ደንብ መሆኑን እያወቀ እንቅልፍ አጣ።

ስለዚህ ካዚኖ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ኮቪድ ይዞት ቤት ሲውል፣ የአሜሪካና የሜክሲኮን የዋንጫ ጨዋታ ሁለት ትኬት «በከንቱ ከሚቀር ግባበት» ብሎ ስልኬ ላይ ሲልክልኝ በደስታ ጮህኩ። ቀኑን አየሁት፤ ያው የቀጠሮው እሁድ ነው። ሰዓቱን አየሁት፤ ሽማግሎቹ በር የሚያንኳኩበት ሰዓት ነው። ፍሪጄን ለማዳን ከዚህ የተሻለ መላ አልነበረም።

ጓደኛዬ ልጅቷን ያወቃት ከተማው ሁሉ በተዘጋበት በ2020 ነው። እሱ ሜዲካል ዲስትሪክት ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ታማሚ በአልጋ እየገፋ ከክፍል ክፍል ያደርሳል፤ እሷ እዚያው ላቦራቶሪ ትሠራለች። ያኔ አንድ ላይ ተቀምጦ መብላት ስለተከለከለ ሠራተኛው ምሳውን መኪናው ውስጥ ነበር የሚበላው። ሁለቱ መኪናቸውን ጎን ለጎን አቁመው፣ መስኮት ዝቅ አድርገው፣ አንዱ የሌላው መኪና ውስጥ ሳይገባ ለወራት አወሩ። ያለ ማስክ ሙሉ ፊቷን ያየኸው አፏን ሞልታ ስትጎርስ ነው እያልኩ እስቅበታለሁ። እሱም አይክድም፣ ያን ጊዜ ነው የወደድኳት ይላል።

አባትየውን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው የሚያመላልስ አውቶብስ ይነዳሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት ውስጥ ያለቻቸው ይህች አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ቸርች የፊት ረድፍ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ሲስቁ ያየ የለም። መዝሙር ደምቆ ሰው መዝለል ሲጀምር ዞር ብለው የሚያዩበት አስተያየት አላቸው፤ ዘላዩ ወዲያው ወንበሩን ይፈልጋል። ያን እሁድ ጠዋትም እዚያው ተቀምጠው ነበር። ሲወጡ ፓስተሩን ጨብጠው «ማታ እንገናኝ» ሲሏቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጓደኛዬ ሊወስደኝ ሲመጣ አረንጓዴ የሜክሲኮ ማሊያ ለብሷል። የሚኖረው ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ነው፤ ግራ ቀኙ ሜክሲኮዎች ናቸው፤ በኮቪድ ታሞ የተኛ ጊዜ ሾርባ በር ላይ እያስቀመጡ ያሻሩት እነሱ ናቸው። ማሊያውንም የሰጡት እነሱ። ዜግነት የሰጠችህ አገር አሜሪካ አይደለችም ወይ ስለው፣ ሾርባ አልሰጠችኝም አለኝ።

መኪናውን ራቅ ያለ ቦታ ፓርክ አድርገን ወደ ስታዲየሙ የሚወስደውን ድልድይ በእግር ተሻገርን። የነሐሴ መግቢያ ሙቀት አስፋልቱን አልፎ በጫማችን ሶል ይገባል። ግን ማን ግድ ይለዋል፤ ድልድዩ ሙሉ ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ መብራቱ ጠፍቶ፣ መንገዱ ላይ ወፍ ብቻ የቀረበትን ከተማ ላየ ሰው፣ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ መሄድ ራሱ ድግስ ነው። አንድ ሽማግሌ ሜክሲኮ ከበሮ ይመታል፤ ሴቶቹ ያጅቡታል፤ የአሜሪካ ባንዲራ የለበሱ ጎረምሶች እየተሳደቡ ይስቃሉ። እኔም ምክንያቱን ሳላውቅ ስስቅ ራሴን አገኘሁት። በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስታዲየሙ ጣሪያ አለው፤ ውስጡ በኤሲ ቀዝቅዟል። ጃኬቴን ለበስኩ፣ ማስካችንን አደረግን፣ ከፍ ያለው መቀመጫችን ላይ ወጣን። ጓደኛዬ ኳሱን ትቶ ስልኩን ቼክ ሲያደርግ፣ ሜክሲኮ ያገኘችው ጥሩ ዕድል አመለጠው። ሰው ሲጮህ ተከትሎ ይጮሃል፤ ምን ሆነ ብሎ እኔን ይጠይቃል። ተናደድኩና ስልኩን ቀምቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሚዜ እኔ ነኝ፣ መልሱን የምቀበለው እኔ ነኝ አልኩት።

ዕረፍት ላይ ስልኩ ነዘረ። ከሽማግሎቹ አንዱ ከሆኑት ከፓስተሩ ነው። ሰውየው ቤት የሉም፤ ደውለን ደውለን አላነሱም፤ መኪና ውስጥ ሆነን እንጠብቃለን፤ መልስ ሳንሰማ አንሄድም ይላል። ጓደኛዬን ልዋሸው አስቤ ነበር፤ ግን ፊቴን አይቶ ቀድሞ ገባው።

ማስኩን አውልቆ አንገቱን ደፋ። በሕይወት ያለ አባት ቀጠሮ ሰጥቶ ከጠፋ እምቢታው ያለቀለት ነው፣ ፊት ለፊት ላለማዋረድ ነው የሸሹት፣ ሦስተኛ ዙር አይኖርም አለ። እሷ ደግሞ ከአባቷ ፈቃድ ውጪ እንደማታገባው ነግራዋለች፤ እሱም ያለ እሳቸው ምርቃት አልወስዳትም ብሏል። ቤት ልሂድ ብሎ ተነሳ። እኔም ተቆጣሁ። ቤት ሄደህ የምትከፍተው ፍሪጅ ነው፣ እዚህ ቁጭ በል አልኩት። ተቀመጠ። ለካ ሁለታችንም ልናለቅስ ደርሰን ነበር።

ሁለተኛው አጋማሽ ያለ ጎል እያለቀ ነው። ድንገት አንድ አሜሪካዊ አጥቂ ኳስ ይዞ ብቻውን ወደ በረኛው ሲሮጥ፣ ከዚያ ሁሉ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ መካከል፣ ከታች አንድ ድምፅ «አግባው! አግባው አንተ!» አለ።

በአማርኛ። ኳሷ ወደ ውጪ ወጣች፤ ድምፁም «ኤዲያ!» አለ። እኔና ጓደኛዬ ተያየን። ያንን ድምፅ በየእሁዱ ማስታወቂያ ሲነገር «ድምፅ ቀንሱ» ሲል እናውቀዋለን።

ከእኛ ጥቂት ረድፍ ዝቅ ብሎ፣ መተላለፊያው ዳር፣ አባትየው የአሜሪካ ባንዲራ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ማስካቸው አገጫቸው ላይ ወርዶ፣ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ቆመዋል። ቸርች ውስጥ ሰው ሲዘል የሚገላምጡት ሰውዬ ራሳቸው ይዘላሉ። ሳቄ ሊገድለኝ ደረሰ። ጓደኛዬ ግን አልሳቀም፤ ከኋላዬ ተደበቀና ጃኬቴን ለምኖኝ አረንጓዴው ማሊያ ላይ እስከ አንገቱ ዘጋው።

መደበኛው ሰዓት ባዶ ለባዶ አለቀ። ተጨማሪው ሰዓት ሊጀመር ሲል ወረድኩ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። ሲያዩኝ መጀመሪያ ማስካቸውን ወደ ላይ ሳቡ፤ ከዚያ መደበቁ እንደማያዋጣ ገብቷቸው መልሰው ዝቅ አደረጉት።

«ማን ላከህ?» አሉኝ።

ማንም እንዳልላከኝ፣ እንደሳቸው ኳስ ለማየት መምጣቴን ነገርኳቸው። ሽማግሎቹ ደጃቸው ላይ እየጠበቁ መሆኑንም ጨመርኩ። ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ልጃቸው የበሩ ደወል ላይ ካሜራ አስገጥማላቸዋለች፤ ከስታዲየሙ ሆነው ሲያዩዋቸው ነበር ለካ። ፓስተሩ በሙቀቱ ላባቸውን ሲጠርጉ አይቼ አፈርኩ፣ ግን መነሳት አቃተኝ አሉ። ቀጠሮውንም የሰጠሁት እኔ፣ ትኬቱንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የቱ እንደቀደመ አትጠይቀኝ አሉ።

አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ተቀመጥ አሉኝ። አልተቀመጥኩም። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ልጅ ልትለምን የሄድክበት ቤት እሺታውን ሳትሰማ አትቀመጥም። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ዕድሜዬ ለሽማግሌነት ባይበቃም፣ ቤቱም ቤት ባይሆንም፣ ከእኔ በቀር በዚያ ሰዓት ደጃቸው የደረሰ ሽማግሌ አልነበረም።

«ጋሼ፣ መልስዎን ሳልሰማ አልቀመጥም» አልኳቸው።

ጨዋታው ተጀመረ። ከኋላዬ ያሉት ሜክሲኮዎች በሁለት ቋንቋ ቁጭ በል ይሉኝ ጀመር። አንዱ ፖፕኮርን ወረወረብኝ። አንገቴን ቀብሬ ቆምኩ። አስተናጋጁ መጥቶ ሰው ከልለሃል አለኝ፤ ይቅርታ ጠይቄ አሁንም ቆምኩ። አባትየው ሊስቁ ፈልገው ከንፈራቸውን ነከሱ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና ባዶውን ወንበር መታ መታ አደረጉት።

«ልጁ መጥፎ አይደለም፤ አስጠይቄያለሁ» አሉ። «ይሄ የእሷ ወንበር ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ኳስ አብረን ነው የምናየው። ዛሬ ሽማግሌ ጠብቅ ብላኝ ሺፍት ገባች። እንግዲህ ብቻዬን ሳየው ምን እንደሚመስል ልሞክረው ብዬ መጣሁ።»

ምን እንደመሰላቸው አልጠየቅኳቸውም። ዐይናቸው ሜዳው ላይ ቢሆንም ኳሱን እንዳላዩት አውቃለሁ። ያን ጊዜ ስለ ጓደኛዬ የማደርገውን ልመና ትቼ ለሳቸው አዘንኩ። ለካ እምቢ ለማለት ሳይሆን እሺ ማለቱ ከብዷቸው ነው የሸሹት።

ጥቂት ቆይተው ልጁ የት እንዳለ ጠየቁኝ። ዞሬ ጠራሁት። እየተደናቀፈ ወረደ፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና ከእኔ ጎን ደረጃው ላይ ቆመ። አሁን ሁለት ሆነን ከለልን። ከኋላችን ያለው ጩኸት ባሰ።

«ጃኬቱን ክፈተው» አሉት። «ከሩቅ አይቼዋለሁ።»

ከፈተው። አረንጓዴውን ማሊያ ከላይ እስከ ታች አዩትና ወደ ሜዳው ዞሩ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አሜሪካ ቅጣት ምት አገኘች። ኳሷ ተሻማች፣ አንድ ረጅም ተከላካይ ከሁሉም በላይ ዘሎ በጭንቅላቱ ገጫት፣ ገባች። አባትየው እኔን አንቀው ይዘው ዘለሉ፤ እኔም ዘለልኩ፤ ባንዲራው ዐይኔ ውስጥ ገባ። ሲበቃቸው ዞር ቢሉ ጓደኛዬ ጥርሱን አውጥቶ ያጨበጭባል።

«ደስ ብሎህ ነው?» አሉት።

እጁን አወረደ። «የለም ጋሼ» አለ። «ሜክሲኮ ነበርኩ። ከፍቶኛል።»

ኮስተር ብለው አዩትና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከት ብለው ሲስቁ አየኋቸው። ልጃቸውም ስትዋሽ ወዲያው እንደሚያውቁባት፣ ውሸት የማይዋጣላቸው ሁለት ሰዎች ቤታቸው ቢኖሩ እንደማይጠሉ ተናገሩ። እኔ ይህን ለመልስ ልቆጥረው ስል ጓደኛዬ ክንዴን ጨበጠኝ። አልቆጠረውም። ቃሉን ነበር የሚፈልገው።

ፊሽካው ተነፋ። ዋንጫው ተነሳ፣ ባለቀለም ቁርጥራጭ ወረቀት ከጣሪያው ረገፈ፣ ሜክሲኮዎቹ ከበሯቸውን አቅፈው ወጡ። ፖፕኮርን የወረወረብኝ ሰውዬ ሲያልፍ ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ ሄደ። ዙሪያችን ባዶ ሆነ። አባትየው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ እኛ እንደቆምን ነን።

«አንድ ነገር ነው የምለው» አሉ ወደ ጓደኛዬ ሳያዩ። «እኔ ኳስ ብቻዬን ማየት አልችልም። ዛሬ ሞክሬው አቃተኝ።»

«ብቻዎን አያዩም» አለ። «ጎል ስታገቡብኝ መናደዴን ከቻሉልኝ።»

ስልካቸውን አወጡ። ካሜራው ላይ የፓስተሩ መኪና አሁንም ደጃቸው ላይ ቆሟል፤ አንደኛው ሽማግሌ ወንበሩን ወደኋላ አስተኝቶ እንቅልፍ ወስዶታል። የበሩ ቁልፍም በስልኩ እንደሚከፈት፣ ግን መክፈቱን የምታውቀው ልጃቸው እንደሆነች፣ እሳቸው ቢነኩት በስህተት የቤቱን መብራት እንደሚያጠፉ ነገሩን። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩና ተዉት።

ከዚያ ስልኩን ለጓደኛዬ አቀበሉት።

«በል አንተ ክፈትላቸው» አሉት። «ይግቡ፣ ቁጭ ይበሉ።»