ቡርጊ የቀየረቻቸው ስሞች

በእኛ ሸለቆ ሰው የሚጠራው በቤቱ ስም ነው። መታወቂያው ላይ የተጻፈውን የአባት ስም የሚያውቁት ፖስተኛውና ቄሱ ብቻ ናቸው። ቤቱ ሦስት መቶ ዓመት "ኤገር" ሲባል ከኖረ፣ ትናንት አግብቶ የገባ አማችም ኤገር ይሆናል፤ ወደደም ጠላም። እኔ ሄዲ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የደብሩን ቤተ መጻሕፍት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የምከፍተው ሴት ነኝ። በአባቴ ስም የተላከልኝን ደብዳቤ "የሰው ነው" ብዬ የመለስኩበት ቀን አለ።

ቫልቡርጋን፣ ለእኛ ቡርጊን፣ ጉድ ያደረጋት ይኸው ልማዳችን ነው።

የተወለደችው ከኤገር ቤት ዝቅ ብላ ባለችው ጎጆ ነው። እናቷ አይብ ፋብሪካ ስለምትውል፣ ያሳደገቻት የኤገሯ ሮዛሊያ ናት ማለት ይቻላል። ሮዛሊያ ድምጿ ወፍራም፣ እጇ ፈጣን፣ ሆዷ ቡቡ የሆነ ሴት ናት። ቡርጊ "አክስቴ" ትላታለች፤ ዝምድና ግን የላቸውም። ፊደል ያስቆጠረቻት ሮዛሊያ ናት፤ ዱቄት ላይ በጣቷ እየጻፈች። ኋላ ደራሲ ያደረጋት ትምህርት ቤቱ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዱቄቱ ነው የማምነው።

ሮዛሊያ በስተርጅና ያገኘችው አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፤ አራት ዓመቱ። አንድ ቀን ከበረቱ ጀርባ የከብቱ ሽንትና እበት የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ ከፍታ ስትሠራ፣ ምድጃ ላይ የተወችው ዳቦ ሲያርር ሸተታትና ክዳኑን ሳትመልስ ሮጠች። ስትመለስ ልጁ የለም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወድቆ ነበር። በየመስከረሙ ከተራራው ግጦሽ ተሸልመው የሚመለሱት የኤገር ላሞች በዚያ ዓመት ስለ ሐዘኑ ያለ አበባ፣ ያለ ቃጭል ወረዱ። ከቀብሩ በኋላ ስለ ልጁ ማንም ትንፍሽ አላለም። ደግነት መስሎን ነበር።

ቡርጊ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አድጋ ቪየና ገባች፣ ትራም ድርጅት ቢሮ ተቀጠረች፣ የምሳ ሰዓቷን እየቆረጠች ጻፈች። በሠላሳ ሁለት ዓመቷ የመጀመሪያው ልቦለዷ ሊታተም ሲል የአሳታሚው ጠበቃ "የእውነተኛ ሰው ስም አለበት?" ብሎ ጠየቃት። "አንድም አልቀረም፤ ሁሉንም ቀይሬአለሁ" አለችው። እውነቷን ነው። የሰዎቹን የአባት ስምም የራሳቸውን ስምም ቀይራለች። የቤቶቹን ስም ግን እንዳለ ተወችው። ስም መሆኑ ትዝም አላላት! ለእኛ የቤት ስም እንደ ተራራው ነው፤ ተራራ ማን ይደብቃል?

መጽሐፉን ለቤተ መጻሕፍቱ የገዛሁት እኔው ነኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በሦስት ሳምንት መንደሩ አንብቦ ጨረሰው። ጉድጓዱ፣ ክዳኑ፣ ዳቦው፣ ሁሉም አለ፤ "የኤገር ቤት" ተብሎ። በዚያ ዓመት በቅዱሳን ሁሉ በዓል ቡርጊ እናቷ መቃብር ላይ ሻማ ልታበራ መጥታ፣ እግረ መንገዷን የኤገርን በር አንኳኳች። ሮዛሊያ በመስኮት አየቻትና መጋረጃውን ሳበችባት።

አሥራ አምስት ዓመት እንዲሁ ሆነ። ቡርጊ በየዓመቱ ታንኳኳለች፤ በሩ አይከፈትም። በመካከሉ ስድስት ልቦለድ ጻፈች፤ ስለ ትራም ነጂ፣ በገመድ ተንጠልጥላ ሰው ስታመላልስ መሃል ላይ ቀጥ ስላለች የተራራ ጋሪ፣ ስለ አንድ ሰነፍ የጥርስ ሐኪም። በሁሉም ውስጥ አንድ የተዘጋ በር አለ። ሃያሲዎች ስለዚያ በር ብዙ ተራቀቁ። እኔ ግን በሩን አውቀዋለሁ፤ አረንጓዴ ነው፣ ቀለሙ ተልጧል። አንድ ጊዜ "ሄዲ፣ በመጽሐፎቼ ያገኘሁትን ሽልማት ሁሉ ልመልስና አንዴ 'ግቢ' ብትለኝ!" ብላኛለች።

ሮዛሊያ ሰማንያ አራት ሲሞላት ዓይኗ ደከመ። እሑድ እሑድ እየሄድኩ አነብላት ጀመር። አንድ ቀን ድንገት፣

"ያንን መጽሐፍ አምጪ" አለችኝ።

"የትኛውን?"

"አትጃጃዪ። የቡርጊን። አንቺ ግን አታነቢውም፤ የጻፈችው ታንብበው። ለበዓሉ ስትመጣ ንገሪያት።"

"ልትሰድቢያት ነው?"

"ብሰድብስ? ቤቴ አይደለም?"

ቡርጊ ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። የቤተ መጻሕፍቱን ቅጂ ይዤ አብረን ገባን። ሮዛሊያ በጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጣለች። የፕሪም ኬክ ቆርሳ አቅርባለች፤ ብሉ ግን አላለችም።

"አክስቴ..."

"አንብቢ።"

ቡርጊ ማንበብ ጀመረች። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ "ፔተር ከበረቱ ጀርባ ዶሮ እያባረረ..." ስትል ሮዛሊያ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

"ማነው ፔተር?"

"ይቅር በይኝ አክስቴ። የቤቱን ስም መቀየር ነበረብኝ፤ ሞኝነቴ..."

"የቤቱን ስም ማን ጠየቀሽ? ክዳኑን የተውኩት እኔ ነኝ፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ? ማነው ፔተር ነው የምልሽ!"

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነው እኮ..."

"ልጄን ከቀበርኩት ወዲህ አንድ ሰው ስሙን አልጠራልኝም። ቄሱ እንኳ 'ያ ነገር' ነው የሚሉት። አንቺ በመጽሐፍ አነሣሽው ሲሉኝ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ዛልስቡርግ ድረስ በአውቶቡስ ሄጄ ገዛሁ። ብገልጠው የሌላ ሰው ልጅ! ጨርሼ አንብቤ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሎሬንዝ ነው ልጄ። ሎሬንዝ!"

እኔ አለቀስኩ፤ አልደብቅም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጉዷ ስለወጣ ነው የተቀየመችው ስንል ከረምን። የልጁ ጥምቀት ላይ ነበርኩ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ስሙን በአፌ አላነሣሁትም።

ቡርጊ ከቦርሳዋ ብዕር አወጣችና እኔን አየችኝ። የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ አንዲት መስመር ያሰመረ ሰው ወዮለት።

"ምን ታዪኛለሽ? ጻፊ!" አልኳት።

ፔተርን እየሰረዘች ከላዩ "ሎሬንዝ" ብላ ትጽፋለች፤ እኔ ገጽ አገላብጣለሁ። ሮዛሊያ ከወንበሯ ሆና "ከፋሲካው በኋላ፣ በረዶው ላይ የሚወድቅበትም አለ፤ እንዳትዘሉት" ትለናለች። ያነበበችው አንዴ ብቻ ነው።

ስንጨርስ "አሁን ከመጀመሪያው" አለች። ቡርጊ አነበበች። ስሙ በመጣ ቁጥር የሮዛሊያ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ቡርጊ ከመጽሐፉ ቀና አለች።

"አክስቴ፣ ይህን ልዝለለው?"

"አትዝለዪው" አለች ሮዛሊያ፣ በዳበሳ ክንዷን ፈልጋ እየያዘች። "ያኔ ብቻዬን ነበር ያነበብኩት። አሁን አብረሽኝ ነሽ። ቀጥዪ።"