የኮንግረስማኑ አራት ሽንፈትና የሀብተጊዮርጊስ አንድ ድምፅ

ሀብተጊዮርጊስ ዳውንታውን ዴንቨር ካለ ባለ ስድስት ፎቅ የመኪና ማቆሚያ መውጫ ላይ፣ የስልክ ቤት በምታህል የመስታወት ሳጥን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። እዚያ ሳጥን ውስጥ ሌላው ሰው መዝሙር ይሰማል ወይም ያንቀላፋል። እሱ ግን የአንድ ፈረንጅ ፖለቲከኛ የምርጫ ታሪክ ሸመደደ። ሰውየው ዴል ራስሙሰን ይባላል፤ የዴንቨርን ዳርቻዎች ወክሎ ዋሽንግተን የተቀመጠ የኮንግረስ አባል ነው። ሌላው ሰባት ቤት አያቱን እንደሚቆጥር ሀብተጊዮርጊስ የራስሙሰንን ውድቀት ይቆጥር ነበር።

«በፈረንጅ ሰባ ስምንት ለካውንቲ፣ ማለት ለወረዳ ሹመት፣ ተወዳድሮ በአራት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ወደቀ። በሰማንያ ደገመ፤ ወደቀ፣ ያውም በባሰ። በሰማንያ ሁለት ስቴት ምክር ቤት በዘጠና ሰባት ድምፅ ሾልኮ ገባ። በሰማንያ ስምንት ኮንግረስ ልግባ አለ፤ ወደቀ። በዘጠና ወደቀ። በዘጠና ሁለት ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ማን ይንካው!»

ይህንን ክርስትና ላይ ይለዋል፣ ሰርግ ላይ ይለዋል፣ አንዴማ ለቅሶ ላይ ሟቹ ገና ሳይቀበር ብሎት የሟች ወንድም በዓይኑ አስወጥቶታል። የኤርፖርት ታክሲ ነጂዎቹ «ምርጫ ቦርድ» ብለው ስም አወጡለት። እሱ እንደ ሹመት ተቀበለው።

«መሸነፍ የሚያውቅ ሕዝብ ይህ ነው!» ይላል ጣቱን ቀስሮ። «እኛ ዘንድ የተሸነፈ ወይ ጫካ ይገባል ወይ እስር ቤት። እዚህ የተሸነፈ ቤቱ ይገባና በሁለት ዓመቱ አዲስ ፖስተር ያሳትማል።»

ነገሩ እውነት ነው። ጉዱ የተናጋሪው ነው፤ ስለ ሰው ሽንፈት ሲያወራ የሚያምርበት፣ የራሱ ስትመጣ ግን መግቢያ ቀዳዳ የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነበር።

በፈረንጆች ሁለት ሺህ አራት በጋ መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፎቶውን አንስታ፣ ቀና ሳትል፣ መራጭ ሆኖ መመዝገብ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችው። ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት አልነበረውም። ነገር ግን ሀብተጊዮርጊስ በቀበሌ የኖረ ሰው ነው። ቀበሌ ውስጥ ሊቀመንበሩ «ለምርጫ ትመዘገባለህ?» ሲልህ ጥያቄ አይደለም፤ «አልፈልግም» ያለ ሰው ስሙ በሌላ መዝገብ ይጻፋል። ስለዚህ «እሺ፣ በደስታ» አለ። የሰጠችውን ወረቀት፣ «ዜጋ ነኝ» የምትለውን መስመር ጭምር፣ ሳያነብ ፈረመ። በወሩ የመራጭ ካርድ በፖስታ መጣለት። በኅዳር ሄዶ ራስሙሰንን መረጠ። ራስሙሰን በአርባ አንድ ሺህ ድምፅ ልዩነት አሸነፈ፤ የሀብተጊዮርጊስ ድምፅ ባትኖርም በአርባ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ያሸንፍ ነበር። «መርጫለሁ» የምትለዋን ማጣበቂያ ግን ጠርዟ እስኪጠቀለል ድረስ ኮቱ ላይ ለጥፎ ከረመ።

ያን ያህል ዝና ያለው ሰው ያለ ተማሪ አይቀመጥም። አውሮራ ውስጥ ከሃቫና ጎዳና ወጣ ብሎ ባለ አዳራሽ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የዜግነት ፈተና ማስተማር ጀመረ። በነፃ ነው፤ ክፍያው ጭብጨባ ነበር። እዚያ ቆሞ ነው እንዲህ ያለው፦

«መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ‹ትመዘገባላችሁ?› ይሏችኋል። እሺ በሉ! እኔን አታዩም? ካርዱን መንግሥት ራሱ ነው ቤቴ ድረስ የላከልኝ።»

ከፊት ወንበር የምትቀመጠው ወይዘሮ ጤናዬ ቃሉን ያዘች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እንግልውድ ውስጥ አረጋውያን ታጥባለች፣ ታለብሳለች። ዜግነት የፈለገችው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደሴ ያለች ልጇን ምንትዋብን ለማምጣት። ምንትዋብ ባለትዳር ናት፤ ያገባ ልጅ ማምጣት የሚችል ዜጋ ብቻ ነው። ጤናዬ እንደተባለችው እሺ ብላ ተመዘገበች፤ በሁለት ሺህ ስድስት ኅዳር ሀብተጊዮርጊስ በራሱ መኪና ምርጫ ጣቢያ ወስዶ፣ የራስሙሰን ስም የቱ ጋ እንደሚገኝ በር ላይ አስጠንቶ አስመረጣት።

ከሁለት ወር በኋላ የራሱን የዜግነት ማመልከቻ መሙላት ጀመረ። አሥረኛው ክፍል ላይ ሲደርስ እርሳሱ ቆመ። በአሜሪካ ምርጫ ተመዝግበው ወይም ድምፅ ሰጥተው ያውቃሉ ይላል። የዚህን ጊዜ ነው መጽሐፍ ያገላበጠው፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው መምረጥ ወንጀል እንደሆነ፣ ከአገር እንደሚያስባርር ያነበበው። አራት ጊዜ የወደቀውን ሰው ቁጥር በቃሉ የያዘ ምሁር ይህቺን አንዲት መስመር አያውቃትም ነበር።

ማመልከቻውን መሳቢያ ውስጥ ካልሲ ሥር ደበቀው።

«ያንተ ምን ሆነ?» አለችው ሚስቱ ፀዳል፣ እሷ የዜግነት መሐላ ከማለች ስምንት ወር ሆኗታል።

«እንግሊዝኛዬን ትንሽ ላጠናክር።»

«አስተማሪው ሳይዘጋጅ ተማሪ የሚያስፈትን ትምህርት ቤት ያንተ ብቻ ነው» አለችና ሣቀች። እሱም ሣቀ።

በቀጣዩ እሑድ «ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ» ማለት ይችል ነበር። ስድስት ቃል አይሞላም። ከዚያ በቀጣዩም ይችል ነበር። አላለም። ይልቅ አሥረኛውን ክፍል ሲያስተምር «ይህ ቀላል ነው» ብሎ ገጹን መዝለል ጀመረ።

የጤናዬን ፎርም የሞላላት እሱ ነው። ከዚያች ጥያቄ ሲደርስ እጁ ሳይጠይቃት «አይ» የምትለው ላይ ምልክት አደረገ።

«ይቺ ምን ትላለች?» አለችው በጣቷ።

«እርስዎን አትመለከትም።»

«አንተ ካልክ» ብላ ፈረመች።

በሁለት ሺህ ስምንት ሚያዝያ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። መቶውንም ጥያቄ አጥንታለች፤ የቀረቡላትን አንድ ሳትስት መለሰች። የኢሚግሬሽኑ መኮንን ቀጥሎ መርጣ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። ጤናዬ ቀና ብላ፣ ሰው የሠራውን መልካም ሥራ እንደሚናገር «የስ! ኮንግረስማን ራስሙሰን!» አለች። የመኮንኑ ብዕር ቆመ። ፎርሙ «አይ» ይላላ።

ያን ቀን በባቡር ዳውንታውን ወርዳ የመስታወቱ ሳጥን ፊት ቆመች። ከኋላዋ መኪናዎች ክላክስ ያንባርቃሉ።

«አልሰጡኝም፣ መምህር። ዋሽታለች ብለው ነው መሰል። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ዓይንህ ደክሞ ነው። ሁሌ ያለ መነጽር ነው የምትጽፈው፤ እባክህ ግዛ።»

ሀብተጊዮርጊስ «ይሆናል» አላት።

በሕይወቱ ብዙ ከንቱ ቃል ተናግሯል፤ እንደዚያች ያቃጠለው የለም። ስታዝንለት ነበርኮ! ልጇን ያሳጣት ሰው መነጽር እንዲገዛ መከረችው።

ጠበቃ ያገኘላት ራሱ ነው፤ ቢያንስ ይህን አደረገ። ካፒቶል ሂል፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ቢሮ ያለው፣ እዚሁ ያደገ ፍፁም የሚባል ልጅ። ሁለቱን ፊቱ አስቀምጦ ጠየቀ።

«እማማ፣ መምረጥ ትችያለሽ ያለዎት ማነው? ይሄ በጣም ኢምፖርታንት ነው።»

ጤናዬ ወደ ሀብተጊዮርጊስ አላየችም። «ማንም። ራሴ ነኝ።»

«ማንም?»

«የገዛ ጭንቅላቴ። ፎርሙ ደግሞ የዓይን ስህተት ነው።»

ፍፁም ብዕሩን አስቀመጠ። «እንደሱ ከሆነ ኬሱ ከባድ ነው። በራስዎ አስበው፣ በራስዎ ተመዝግበው፣ ፎርሙ ላይ ኖ ብለዋል። አንድ ሰው አሳስቶዎት ቢሆን፣ ያ ሰውዬም ቃሉን፣ ስቴትመንት፣ ጽፎ ሳይን ቢያደርግ፣ ቢፈርም ማለቴ ነው፣ ሌላ ነገር ነው።»

ለሀብተጊዮርጊስ በሩ ክፍት ነበር። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ የሸፈነችው ራሷ የተበደለችው ናት። መሬቱን አየ። ምንጣፉ ላይ የቡና ጠብታ ነበር፤ ጠብታዋን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ሶሪ?»

«ተመዝገቡ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ጣቢያ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ፎርሙ ላይ ‹አይ› ያልኩትም... ዓይኔ አልደከመም። አይቼ ነው። እኔም በሁለት ሺህ አራት መርጬ ነበር፤ እሳቸውን ካስጠነቀቅሁ የኔ ይወጣል ብዬ ነው።»

ፍፁም ኮምፒዩተሩን ገፋ አደረገ። «ጋሼ፣ ይሄን ሳይን ካደረጉ ለራስዎም ትልቅ ፕሮብሌም ነው። ዲፖርቴሽን፣ ከአገር መባረር፣ ሊመጣ ይችላል። ሌላ ጠበቃ ያማክሩ መጀመሪያ፤ ጊዜ ይውሰዱ።»

«አንድ ዓመት ተኩል ወስጃለሁ።»

ጤናዬ አልጮኸችም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። ቦርሳዋን ከጭኗ አንስታ በደረቷ ያዘች።

«ስፈርም አጠገቤ ነበርክ» አለች። «ጣቴን አስቀምጬ ጠየቅሁህ።»

«አዎ።»

«ምንትዋብ በየሳምንቱ ‹መምህሩ ደህና ነው?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ወጥታ ስትሄድ ላድርስዎት ለማለት አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። አውቶቡስ ስትጠብቅ በመስኮት አያት፤ ነፋስ ነጠላዋን ያነሣዋል፣ አንድ ጊዜም ወደ ላይ አላየችም።

ሌላ ጠበቃ አማክሮ በሳምንቱ ፈረመ። የጤናዬ መልስ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው፤ ያሁኑ ማመልከቻ ውድቅ ሆኗል፣ ከአገር ግን አትወጣም፣ ጊዜ ጠብቃ እንደገና ማመልከት ትችላለች። ምንትዋብ ደሴ መጠበቋን ቀጠለች። የሱን ጉዳይ ግን ይህ እስከተጻፈ ድረስ ማንም አልዘጋለትም፤ ፖስታ ሳጥኑን በቀን ሁለቴ ይከፍታል።

የፈረመ ዕለት ማግስት እሑድ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ያለው የጤናዬ ወንበር ባዶ ነው። አንዱ ተማሪ ከኋላ «ምርጫ ቦርድ! ዘንድሮ ራስሙሰን ስንት ያገባል?» ብሎ ሰዉን አሣቀ።

ሀብተጊዮርጊስ ጠመኔውን አስቀመጠ። የሠራውን ሁሉ፣ ጤናዬን ስሟን ሳይጠራ፣ ከመንጃ ፈቃዱ መስኮት እስከ ፎርሙ ተናገረ። ሣቁ ጠፋ። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ሽማግሌው አቶ ለገሠ «አዬ፣ አንተ ሰውዬ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን» አለ፣ ቀና ማለት አቅቶት፣ «እኔን ሰምቶ ዜጋ ሳይሆን የተመዘገበ ካለ፣ ጠበቃ ጋ አብሬ እሄዳለሁ። እጁን ያሳየኝ።»

ከዚያ በግድግዳው በኩል አንድ እጅ ወጣ። አንድ ሌላ። ባልና ሚስት ተያይተው አብረው አወጡ። አቶ ለገሠም ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ቀኝ እጃቸውን አነሡ።