ገንፎ የበሉት ቤት ገዢዎች

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ምስር እየለቀምኩ ሳለ የእህቴ ልጅ ማርታ ከቡራዩ ደወለችልኝ። "አክስቴ፣ አከራዬ ቤቱን ሊሸጠው ነው" አለችኝ። ማርታ እርጉዝ ናት፤ ወሯ ገብቷል። ሌላ አክስት ብትሆን መጀመሪያ ጤናዋን ትጠይቅ ነበር። እኔ ግን አፌ ላይ የመጣልኝ "ሰው እያመጣ ያሳያል እንዴ?" የሚለው ነው። ገና ነው አለችኝ። ውል እንዳላት ጠየቅኳት፤ አለኝ፣ ወረዳ ሄደን አስመዝግበነዋል አለች። ቆይ መልሼ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ግን ምስሩን ከጠጠሩ መለየት አቃተኝ። አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ መጥቶ ተቀረቀረ። ምን እንደሆነ አላጣሁትም፤ የዛሬ ስንት ዓመት የሰበታ ገንፎ ነው።

ያኔ ገና ኮረዳ ነኝ። ሰበታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሬ ከታላቅ እህቴ ከዘነበች ጋር እኖር ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከተጂና ከተፍኪ ጤፍ ሲያመላልስ አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ ቤት አይገባም። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይተናል። ከፊታችን ባለው ትልቁ ቤት አከራያችን አቶ ጌታነህ ብቻውን ይኖራል፤ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው። አባባ ጌታነህ እንለው ነበር። አንቱታውን ዛሬ ነፍጌዋለሁ፤ የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ።

እሱም "ልጆቼ" ይለናል። በዓል አብረን እንውላለን፤ ሲያመው እህቴ አጥሚት አፍልታ ትወስድለታለች። ውል የሚባል ነገር በመሃላችን አልነበረም። አባባ ብለህ የምትጠራውን ሰው "እንፈራረም" ማለት ነውር ነው፤ አላመንኩህም ከማለት አይተናነስም። ይህን ነውር ማን እንዳመጣው ያኔ አላውቅም ነበር። ዛሬ ብትጠይቁኝ ቤት ያለው ሰው ነው ያመጣው እላለሁ።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊቱን አንድ ባደረገበት ሰሞን፣ ዘነበች ሴት ልጅ ተገላገለች። እንደሚታወቀው ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እስከዚያ አራስ ከቤት አትወጣም። አልጋዋን ከመጋረጃ ጀርባ አደረግንላት። ጠዋት ፈረቃ ስገባ ጎረቤት ይጠብቃታል፤ ከሰዓት በኋላ እኔ እደርሳለሁ። የኔ ሥራ ገንፎ ነው። የገብስ ዱቄቱን እያማሰልኩ ክንዴ እስኪዝል አገነፋለሁ፤ መሃሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤና በርበሬ አፈስበታለሁ። አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ደግሞ ማንም ይሁን ማን ሳይቀምስ አይሄድም። ከየት መጣህም አይባልም።

አባባ ጌታነህ ዘመድ የሌለው ይመስለን ነበር። ያን ሰሞን ግን ዘመዱ በዛ። መጀመሪያ ጃንጥላ የያዙ ባልና ሚስት ይዞ መጣ። "ልጄን ሊጠይቁ ነው" አለ። እሰይ አልን። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብለው ተቀመጡ፤ ገንፎ አቀረብኩ፤ በሉ። ሰውዬው እየበላ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። "ክረምት ያፈሳል?" ሲል ጠየቀኝ። አራሷን ዝናብ እንዳይነካት አስቦ ነው ብዬ አንጀቴን በላው። "ኧረ ጠብ አይልም" አልኩት፣ "የእህቴ ባል ዘንድሮ ነው ቆርቆሮውን ያስመታው። ግድግዳውንም እኛው ነን ያስመረግነው።" ተናግሬ አልጠግብም። መጸዳጃ ቤቱንም ሲጠይቀኝ ከፊት ከፊት እየመራሁ አሳየሁት።

ከነሱ በኋላ አንድ ወፍራም ሰውዬ መጣ፤ ለሕፃኗ "እደጊ፣ ተመንደጊ" እያለ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል። ከዚያ ደግሞ ወይዘሮ አስካለ የሚሏቸው፣ ዓለም ገና ላይ እህል የሚነግዱ ሴትዮ መጡ። እሳቸው እንኳ ሕፃኗን አቅፈው አይተዋል፤ ገንፎውንም አመስግነው በልተዋል። በዚህ መሃል ቅቤያችን አለቀና የእህቴ ባል ከተፍኪ ገበያ ሌላ ይዞ መጣ። "ሽማግሌው እንዴት ቢወዱን ነው ዘመዶቻቸውን ሁሉ የሚያመጡልን?" አለ ምስኪኑ።

መስከረም እንደጠባ አባባ ጌታነህ ብቻውን መጣ። ሰጠሁትና በላ። ጣቱን እየላሰ፣ "ልጄ፣ ቤቱን ከነግቢው ሸጬዋለሁ" አላት። "እስከ እሁድ ብትለቁልኝ።"

ዘነበች ልጅቷን እያጠባች ነበር። "አባባ፣ እኔ እኮ አራስ ነኝ" አለችው።

"አውቃለሁ፣ ልጄ። ገንፎሽን የበሉት ሁሉ ቤቱን ወደውት ነው የሄዱት። አስካለ ወሰደችው።"

"ክርስትናዋስ?"

"ክርስትና የትም ይነሳል" ብሎ እጁን ታጠበ። ውሃውን ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገሸግሸኝ ይሄ ነው። ቤቱ የራሱ ነው፤ ይሽጥ፣ ማን ይከለክለዋል? ግን የአራስ ቤት ገበያ ይሆናል? ከመጋረጃው ጀርባ እህቴ ጡቷን አውጥታ፣ ከፊት ለፊት እነሱ የኛን ገንፎ እየዋጡ ማገሩን ይቆጥራሉ። እኔ ደግሞ ያለ ክፍያ ደላላቸው ሆኜ "ጠብ አይልም" እላለሁ። ትፍ!

በማግስቱ ከፋብሪካ አስፈቅጄ ቀበሌ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰው "ውል አላችሁ?" አለኝ። የለንም አልኩ። "ያለ ውልም ቢሆን ድንገት ተነስቶ ሊያስወጣችሁ አይችልም፤ ጊዜ መስጠት አለበት። ፍርድ ቤት ክሰሱ" አለኝ። መልካም ሰው ነው፤ ነገር ግን እሁድ ፍርድ ቤቱን አይጠብቅም። ጭቃውን እያቦካሁ ስመለስ ወተት የሚሰጡን ጎረቤታችን ኦቦ ዳባ ከደጃቸው ጠሩኝ። ገበሬ ናቸው፤ የሰበታ ተወላጅ፤ ሲናደዱ ኦሮምኛውንና አማርኛውን ያቀላቅሉታል። እንባዬን ሲያዩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ገዢዋ መርቃውን በልታለች?" አሉኝ። መርቃ የሚሉት ገንፎውን ነው።

"በልተዋል፣ አባባ። እኔ ነኝ ያቀረብኩላቸው።"

"ኮቱ፣ ነይ፣ እንሂድ። እሱን አንለምንም፤ እሱ አፍሮ አያውቅም። የበላችውን እንጠይቃት።" ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ዓለም ገና ደረስን። ወይዘሮ አስካለ ከጤፍ ጆንያ መሃል ተቀምጠው አገኘናቸው። ኦቦ ዳባ የተሰጣቸውን በርጩማ ትተው እንደቆሙ ጀመሩ።

"ቤቱ ያንቺ ነው፤ እግዜር ይባርክልሽ። ያቺን አራስ ግን ማን ናት ብለሽ ነው የጠየቅሻት?"

"የአቶ ጌታነህ ልጅ አይደለችም እንዴ?" አሉ ወይዘሮ አስካለ። "'ልጄ ልትወልድ እኔ ዘንድ መጥታ ነው፤ ስወጣ አብራኝ ትወጣለች' አለኝ እኮ።"

"ተከራይ ናት። መሄጃ የላትም።"

ሴትዮዋ የጤፍ ዱቄት የነካውን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ "ገንፎዋን በልቼ እሷን ላስወጣ? በኔ ዕድሜ?" አሉኝ። "ለእህትሽ ንገሪያት፤ ክርስትናው ሳያልፍ፣ እሷም ሳትጠነክር በሩን አልረግጥም። አቶ ጌታነህንም እኔ አነጋግረዋለሁ።"

ምን እንዳሉት አላውቅም። ብቻ በሳምንቱ ዕቃውን ጭኖ ወደ ልጆቹ ሄደ፤ ሲወጣ ወደኛ በር ቀና ብሎ አላየም። እኛም እፎይ ብለን ከረምን። ዘነበች ግን ስሙን አንድ ቀን አንስታ አልሰማኋትም። እኔ እየተብከነከንኩ ስሳደብ እሷ ልጇን እያገላበጠች ቅቤ ትቀባታለች።

ጥቅምት መጨረሻ ማርታ ክርስትና ተነሳች። አዎ፣ ያቺ ሕፃን የቡራዩዋ ማርታ ናት። ዳስ ጥለን፣ ዶሮ ሠርተን፣ ኦቦ ዳባን ከአባቶች ጋር አስቀምጠን፣ ወይዘሮ አስካለም ጆንያ ሙሉ ጤፍ ልከው ሰው ሲበላ ሲጠጣ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አቶ ጌታነህ ነው። ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ለሕፃኗ ልብስ ነገር በፌስታል ይዞ ቆሟል። ዓይኑ እኔን አልፎ ድግሱን ያያል። "ልጄ የታለች? ልመርቃት ነው የመጣሁት" አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

 ያን ሁሉ ወር ያጠራቀምኩት ስድብ አንዱም አልመጣልኝ አለ። ዘነበች ከውስጥ "ማን ነው?" ስትል ሰማሁ።

"ቤት ሊያዩ የመጡ ሰው ናቸው" አልኳት።

አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችው። ድምጿን ከፍም ዝቅም አላደረገችም። "ተሸጧል በያቸው" አለችኝና ወደ እንግዶቿ ተመለሰች። እኔም በሩን ዘጋሁት።

ጥር ላይ ሌላ ቤት ተከራይተን ወጣን። እህቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። እኔም ብዙ ቤት ተከራይቼ፣ ብዙ አከራይ አይቻለሁ፤ ደጉም ክፉውም አጋጥሞኛል። የሚጮኸውን አከራይ እችለዋለሁ፤ የሚጮህ ሰው ሐሳቡን አይደብቅህም። እኔን የሚያስፈራኝ ከንፈሩ ማር የሚያንጠባጥበው ነው። ከዚያ ወዲህ አራስ ቤት ስገባም የሰው ዓይን አያለሁ፤ ሕፃኑን ሳያይ ጣሪያውን የሚያይ ካለ ማንኪያውን ከእጁ ብቀማው ደስ ይለኛል።

ምስሩን ትቼ ለማርታ መልሼ ደወልኩላት። "ስሚኝ" አልኳት፣ "ውልሽን አውጥተሽ ደህና ቦታ አስቀምጪ። ገዢ መጣ አልመጣ የውልሽ ጊዜ ሳይደርስ ማንም አያስወጣሽም። ቤት የሚያይ ሰው ካለ አከራይሽ አስቀድሞ ይነግርሻል፤ አንቺ በፈቀድሽ ሰዓት ይመጣል። ደግሞ ከወለድሽ በኋላ ጠያቂ ነው እያለ የማታውቂውን ሰው ቢያመጣ..."

"አክስቴ፣ አታካብጂ" አለች እየሳቀች። "ሰውዬው ደግ ናቸው፤ እንዳንቺዎቹ አይደሉም። ዛሬ ጠዋት እንኳ 'ልጄ፣ መውለጃሽ መቼ ነው? ዘመዶቼ ሊጠይቁሽ ይፈልጋሉ' አሉኝ።"

ስልኩን ሳልዘጋ ነጠላዬን አነሳሁና ወደ ቡራዩ ታክሲ ተራ ወጣሁ።