የሃቦባ ፖኒ ፍየል

ባለፈው ሳምንት ጁባ፣ ካቶር ሰፈር ውስጥ የማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ላይ አንድ ሮዝ መስመር ያለው ነጭ ፌስታል ተሰክቶ አየሁ። ነፋሱ ሲገባበት ይነፋል፣ ሲወጣ ይሟሽሻል፤ የሚተነፍስ ነገር ይመስል ነበር። ተማሪዎቼ አልፈውት ገቡ። እኔ ግን የሽሮና የፍየል ጠረን አንድ ላይ መጣብኝና ቆሜ ቀረሁ።

ያደግሁት እዚያው ጁባ፣ ሃይ ማላካል የሚባል ሰፈር ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ ይዛኝ መጥታ እዚያ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍታ ነበር። ያን ጊዜ ምግብ ወደ ቤቱ መውሰድ የሚፈልግ ሰው ዕቃውን ይዞ ይመጣ ነበር። አንዱ ባለክዳን ሳህን፣ አንዱ እጀታው የወለቀ ድስት ያመጣል። ምሳ ሰዓት ላይ የተደረደሩትን ዕቃዎች አይቼ የየትኛው ቤት እንደሆኑ ሳልሳሳት እናገር ነበር። ዕድሜዬ ያኔ ዘጠኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ የቀኑን ፍርፋሪ በባልዲ አድርጌ ከአጥራችን ማዶ ለሚኖሩት ለሃቦባ ፖኒ ማድረስ ነበር።

ሃቦባ በጁባ አረብኛ አያት ማለት ነው። ሃቦባ ፖኒ ልጃቸው በወሊድ ሞታባቸው የልጅ ልጃቸውን ዋኒን ብቻቸውን ያሳድጉ ነበር። ዋኒን በሕይወት ያቆየችው አንዲት ነጭ ፍየል ናት። ጠዋትና ማታ ያልቧታል፤ ወተቱን አፍልተው፣ አብርደው በማንኪያ ያጠጡታል። ባልዲውን ስሰጣቸው "የዋኒን እራት አመጣሽ?" ይሉኛል።

"የፍየሏን ነው እንጂ!"

"ፍየሏ በላች ማለት እሱ በላ ማለት አይደል፣ አንቺ ጅል?" ብለው ይስቃሉ።

ባልዲውን ማጠብ ግን እጠላ ነበር። የደረቀ ሽሮ በጥፍር ካልፋቁት አይለቅም።

ከዚያ እማዬ ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ፌስታል በጅምላ ማምጣት ጀመረች። ሮዝ መስመር ያለውን የመረጠችው ሰው መንገድ ላይ ሲያየው የእኛ ምግብ መሆኑን እንዲያውቅ ነው፤ በሰፈሩ ሌላ ማንም አልነበረውም። ደንበኞቻችን ተደሰቱ። ዕቃ መያዝ ቀረ፣ ማጠብ ቀረ። የሠለጠንን መሰለን። እኔም በበኩሌ ሠለጠንኩ፦ ፍርፋሪውን በፌስታል እቋጥርና በአጥሩ ላይ እወረውረዋለሁ። "ሃቦባ፣ መጣልዎት!" ብዬ መልስ ሳልጠብቅ ወደ ሱዚ ጨዋታዬ እሮጣለሁ። ሃቦባ ግቢ ውስጥ ካሉ ቋጠሮውን ይፈቱታል። ከሌሉ ፍየሏ አትጠብቅም። ፍየል ጨው የነካውን ነገር እንደማይተው ዛሬ ለተማሪዎቼ አስረዳለሁ፤ ያኔ ግን አላውቅም ነበር።

ዝናቡ ሲገባ ፍየሏ መብላት ተወች። ሆዷ ተነፋ፣ ወተቷ ቀነሰ፣ ከዚያ ጨርሶ ነጠፈ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ቦዳቦዳ የሚሉትን የሞተር ብስክሌት ታክሲ የሚነዳው ጎረቤታችን ላዱ ምን እንደገደላት ለማየት ሆዷን ቀደደና የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድቡልቡል ነገር አወጣ። ውኃ ሲያፈስበት ሮዝ መስመሮቹ ታዩ።

"ማማ፣ ይሄ የእናንተ ቤት ምሳ አይደል?" አለ ወደ እማዬ ዞሮ። ቀልድ አድርጎት ነበር መሰለኝ፤ የሳቀ ግን የለም።

ሃቦባ ፖኒ ዋኒን እንዳዘሉ ወደ እኔ መጡ። አልተቆጡም። "ልጄ፣ ባልዲው ተሰብሮ ነበር እንዴ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው።

እማዬ ወደ መሬት እያየች "የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል" አለች። ሞኟ ፍየሏ እንዳልሆነች ያኔም ገብቶኝ ነበር።

በማግስቱ የተረፈውን ፌስታል ይዘን ኮንዮ ኮንዮ ሄድን። ነጋዴው ጋሽ ተካ የአገራችን ሰው ነበሩ።

"ጋሽ ተካ፣ ዕቃዎ የሕፃን ጉሮሮ ዘጋ" አለቻቸው እማዬ።

"እኔ ፌስታል ሸጥኩልሽ እንጂ ለፍየል አብዪ አልኩሽ?"

"ታዲያ ማን ይጠየቅ?"

"ፋብሪካውን ጠይቂያ! እሱም ካምፓላ ነው፤ በቦዳቦዳ አይደረስም።"

በዙሪያቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እማዬ ፌስታሉን እዚያው ጥላ፣ የቆርቆሮ ወተት ገዝታ ተመለሰች።

ሃቦባ የወተቱን ዱቄት በቦቴ በሚመጣው ውኃ እየበጠበጡ ሰጡት። ውኃው መጀመሪያ መፍላት እንዳለበት የሚናገረው የቆርቆሮው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሃቦባ ማንበብ አይችሉም፤ እኔ ማንበብ እችል ነበር፣ አንብቢ ያለኝ ግን የለም፤ ራሴም አላሰብኩትም። ዋኒ ሆዱን ታመመ። እማዬ ሁለት ጊዜ ክሊኒክ ወሰደችው። ቀስ በቀስ ከሰውነቱ ዓይኑ ብቻ የቀረ መሰለ። አንድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ የሃቦባ ግቢ ሰው ሞልቶታል። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች፤ እኔን ግን "አንቺ እዚሁ ቁሚ" አለችኝ። ቆምኩ። ሃቦባ ፖኒ ከወር በኋላ ከነጭ ዓባይ ወንዝ ማዶ ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ፤ ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ዋኒ ቢኖር አሁን እኔ የማስተምራቸውን ልጆች ያህል ይሆን ነበር። ያኔ ከአንዲት ፍየል ሆድ የወጣው ነገር የማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። አሁን ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለው የጎርፍ መውረጃ በጥቁር ፌስታልና በውኃ ፕላስቲክ ታፍኗል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ የማንም አይደለም። በየክረምቱ ውኃው መንገድ ሲያጣ ሰዎች ቤት ይገባል። እኛም አጉል ተወቃቅሰን ወደ ሱቅ እንመለሳለን፤ እኔም ጭምር፣ ትናንት እንኳ ቲማቲም በፌስታል ገዝቻለሁ።

አጥሩ ላይ ያየሁትን ፌስታል አንስቼ ወደ ክፍል ገባሁና "ለዚህ ተጠያቂው ማን ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። እየወጡ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ ፋብሪካ፣ ነጋዴ፣ መንግሥት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ የውጭ አገር ሰው። አንዲት ልጅ "ቲቸር፣ ትክክለኛው መልስ የትኛው ነው?" አለችኝ። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ነገርን ከሥሩ ጀምሬ በቅደም ተከተል ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ። ሰሌዳው ላይ ለእኔ ስም የሚበቃ ቦታ ቀርቶ ነበር። ደወሉ እስኪደወል ቆምኩ፤ አልጻፍኩትም።