ካርሶኖ የለካው ኮኮናት

ጎረቤቴ ካርሶኖ አናጢ ነው፤ ሰፈራችን የሚያውቀው ግን በዛፍ ለኪነቱ ነው። እኛ ጃቫ ውስጥ ቤት ከቤት ተጠጋግቶ ስለሚሠራ፣ የሚቆረጥ ዛፍ ቁመት አስቀድሞ ካልታወቀ በማን ጣራ ላይ እንደሚወድቅ አይታወቅም። ካርሶኖ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ይዞት የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በአንድ ጊዜ ከተለኩ እንጨትና ጥላው፣ ዛፍና ጥላው ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ሁለት ሜትር ቀርከሃ ያቆማል፣ ጥላውን ይለካል፣ የዛፉንም ጥላ ይለካል፣ ከዚያ በአናጢ እርሳሱ መዳፉ ላይ ያሰላል። ሃያ ዓመት ሙሉ አልተሳሳተም።

የታናሽ ወንድሙ የታርጆ ግቢ ውስጥ ጥንዚዛ የቦረቦረው ረጅም ኮኮናት ነበር። ግንዱ ሰው አይሸከምም፤ ወጥቶ ከላይ መቁረጥ አይቻልም። ዙሪያውን የመብራት ሽቦና የሰው ቤት ስለሆነ መጣል የሚቻለው ወደ ታርጆ ማድ ቤት ብቻ ነው። እስከ ማድ ቤቱ ግድግዳ ሃያ ስድስት ሜትር ነው።

ጠዋት ካርሶኖ ቀርከሃውን ደልዳላው ግቢ ላይ አቆመ። ጥላው ሦስት ሜትር ሆነ። የኮኮናቱ ጥላ ግን በሌላ በኩል፣ የመብራት ሽቦው በላዩ የሚያልፍበት የካሳቫ ማሳ ውስጥ ገብቶ ሠላሳ ስድስት ሜትር ተዘርግቶ ነበር።

"ሦስቱ ለሁለት ከሆነ፣ ሠላሳ ስድስቱ ለሃያ አራት ነው" አለ።

"ሁለት ሜትር ብቻ ነው የሚተርፈን?" አለ ቆራጩ ፓርሚን። "ይሄ እርሳስህ ግን ስንት ዓመቱ ነው?"

"ካንተ መጋዝ ይሻላል። ጀምር።"

የታርጆ ሚስት ሱሚራ ማድ ቤት ውስጥ የምሳውን ከጠዋቱ እየጠበሰች ነበር። በመስኮት ብቅ አለች።

"ጋሼ፣ ልውጣ እንዴ? ዘይቱ ግሏል።"

"አይደርስሽም። ሥራሽን ሥሪ።"

እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ኮኮናቱ የወደቀው በታሰበለት መስመር ነው። ጫፉ ግን ከነፍሬው የማድ ቤቱን ጣራ ደረመሰው። ሱሚራን ስናወጣት ሕይወቷ አልፎ ነበር።

ለቀስተኛው ሁሉ "የአላህ ፍርድ ነው" አለ። ካርሶኖ ግን ከቀብሩ ማግስት የተጋደመውን ዛፍ ለካ፤ ሃያ ስምንት ሜትር። ከዚያ አናጢዎች ከፍታና ዝቅታ የሚያዩበትን ውሃ የተሞላ ቱቦ ይዞ ማሳው ውስጥ ገባ፤ አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩለት። መሬቱ ከካሳቫው ሥር ቀስ እያለ ሽቅብ ይሄዳል። የጥላው ጫፍ ያረፈበት ቦታ ከዛፉ ሥር አራት ሜትር ከፍ ይላል። ዳገቱ ጥላውን አሳጥሮታል። የቀርከሃው ጥላ ሜዳ ላይ፣ የዛፉ ጥላ ዳገት ላይ፤ ሦስት ማዕዘኖቹ አይመሳሰሉም ነበር።

"ልጅ ሆኜ የሮጥኩበት ማሳ ነው" አለና ቁጭ አለ።

በሰባተኛው ቀን ዱአው ሲያልቅ ወንድሙ አጠገብ ተቀመጠ።

"ታርጆ፣ ስህተቱን አግኝቼዋለሁ።"

"አትንገረኝ ጋሼ። የአላህ ከሆነ ካንተ ጎን መኖር እችላለሁ። ያንተ ከሆነ ግን አልችልም።"

የካርሶኖን ክንድ ጨበጥኩ፤ ዝም እንዲል። አልሆነም።

"የኔ ነው። ዳገቱን አላየሁም። እሷም ልውጣ ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር።"

ታርጆ ይሄን አያውቅም ነበር። "መቼ?" አለ።

"ፓርሚን ከመጀመሩ በፊት።"

በወሩ ታርጆ ቤቱን ዘግቶ ወደ ሚስቱ ወላጆች መንደር ሄደ።

ካርሶኖ መለካቱን አልተወም፤ ቢተው ፓርሚን በዓይኑ ገምቶ እንደሚቆርጥ ያውቃል። አሁን ግን መጀመሪያ መሬቱን በቱቦው ያያል፤ በዙሪያው ያሉት ቤቶች በሙሉ ባዶ ካልሆኑ መጋዝ አያስነሳም። በቀደም አንዲት ሴት "እንዴ አባባ፣ ስድሳ ሜትር ርቄ?" ብላ ሳቀችበት። "ውጪ" አላት።

ለኢድ ታርጆ እንደ ልማዳችን ከዘመዶቹ ጋር ይቅር ለመባባል ይመጣል። ሁለት ዓመት የካርሶኖን ደጅ አልፎ ሄደ። ዘንድሮ ገባ። እኔም እዚያ ነበርኩ። የቀረበለትን የበዓል ሩዝ ወንድሙን ሳያይ ግማሹን በላ። ይቅር በለኝ ያለ የለም። ሊወጣ ሲል ጫማውን እያጠለቀ፣ "ያ ጉልበትህ አሁንም ያምሃል?" አለው።

"ያመኛል" አለ ካርሶኖ።

ታርጆ ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ ሄደ።