ቁልቁል የተሳለችው ጅቡቲ

ትናንት ፀሐይ ሲያነደው በዋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንገት ዝናብ ጣለ። ያ የጋለ ብረትና የአቧራ ሽታ በመስኮት ሲገባ የምከትፈውን ሽንኩርት ትቼ ቁጭ አልኩ። ሽታ ከያዘኝ ሥራ አይሆንልኝም፤ ልጆቼ በዚህ ይስቁብኛል።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እናቴ በሕፃንነቴ ስላረፈች ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ለባቡር ጣቢያው ቅርብ በሆነች ቤት ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር። ክፍል ውስጥ አብራኝ የምትቀመጠው ከወንዙ ማዶ የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት። ደረቁን የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ፣ ጫማዋ ውስጥ አሸዋ ሞልቶ ትመጣና ደውሉ እስኪደወል ታራግፋለች። እንደ እኛ ለፍላፊ በክፍሉ አልነበረም።

አሥረኛ ክፍል ሳለን አባቴ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር፣ በረሃ ውስጥ ወዳለች ትንሽ ጣቢያ እንዲዛወር ታዘዘ። እዚያ ትምህርት ቤት የለም። የጓደኛዬ እናት ይህን ስትሰማ፣ «ልጅቷ እኛ ዘንድ ትቆይ፤ ከልጄ ጋር ትማር» ብላ ላከችበት። አባቴ እሺም እንቢም አላለም። እኔ ደግሞ ከክፍሉ አንደኛ ከወጣሁ እንዴት ከትምህርት ያስቀረኛል ብዬ ለሂሳብ ፈተናው እንደ እብድ አጠናሁ።

ህንዱ መምህራችን የመጨረሻውን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ድሬዳዋን መሐል አድርጉ፤ አንድ ባቡር በጅቡቲ በኩል በአግድም ሁለት፣ በቁመት ሦስት ይርቃል፤ ሌላው በአዲስ አበባ በኩል በአግድም አራት፣ በቁመት አምስት። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚሄደውን ቬክተር አውጡ። አሠራሩን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ከመድረሻው ላይ መነሻውን መቀነስ ነው፣ አግድሙን ከአግድሙ፣ ቁመቱን ከቁመቱ። ስድስት ወደ ግራ፣ ስምንት ወደ ላይ ወጣልኝ። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝቼ፣ ደምሬ ሥሩን ሳወጣ አሥር ሆነ። ቀስቴን ወደ ላይ ወደ ግራ ላክሁና ተደስቼ ወጣሁ።

ወረቀቱ ሲመለስ መጠኑ ልክ፣ አቅጣጫው ስህተት። ቀስቱ መሄድ የነበረበት ወደ ታች ነው። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የባቡር ሠራተኛ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት ሠርተናል። በየቤታችን «ባቡር ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል» ነው የሚባለው። አባቴ «ነገ እወርዳለሁ» ካለ ጅቡቲ መሄዱ ነው። እኛም ጅቡቲን ከወረቀቱ ግርጌ፣ አዲስ አበባን ከአናቱ አስቀመጥናቸው።

የመጋላ ልጆች አልተሳሳቱም። ጓደኛዬ ወረቀቴን አይታ በሳቅ ፈረሰች። «አቦ፣ ጅቡቲ እኮ በቂብላ በኩል ናት! ስንሰግድ ወዴት የምንዞር መስሎሽ ነው? ወላሂ፣ ሰሜን ነው፤ ወረቀት ላይ ከላይ!»

እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ወጣን። ወረቀቱን ይዤ ወደ አባቴ ሮጥኩ። አየውና «ጎበዝ» አለኝ፤ ቀጥሎ «ዕቃሽን ሰብስቢ» አለኝ። አንደኛ ብወጣም ያው እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ጓደኛዬ ጣቢያ ድረስ መጥታ ሸኘችኝ፤ ልታለቅስ ስትል አፈረችና ሳቀች።

አዲሱ ቦታችን አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ የውሃ ታንከርና ሐዲድ፣ ከዚያ ወዲያ ድንጋይና ቁጥቋጦ ነበር። ቀን ቀን ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፤ ዝናብ ጠብ ካለበት ያ የጋለ ብረትና የአቧራ ሽታ ይነሣል። ባቡር ቆሞ ውሃ ይቀዳል፤ በመስኮት የተደገፉት ሰዎች ያዩኛል፣ አያቸዋለሁ፣ ይሄዳሉ። የቆለፈብኝ ሰው የለም፤ ግን የምሄድበትም የለኝም። ግድግዳ ቢኖር እንኳ እገፋው ነበር። አባቴን አኮረፍኩት። ምግቡን አቀርብለትና እወጣለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በቤቱ ጥላ ተቀምጬ መሬቱን በእንጨት እጭራለሁ። ድሬዳዋን መሐል አድርጌ እኛን ወደ ላይ ወደ ቀኝ አስቀመጥኩ። ድሬዳዋ ዜሮ ላይ ስለሆነች የቀረው እኛን መቀነስ ብቻ ነው፤ ቀስቱም ወደ ታች ወደ ግራ ሄደ። አባቴ ከኋላዬ መቆሙን አላወቅሁም።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«ከኛ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው ነው፣ አባባ።»

አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ታዲያ ለምን ወደ ታች ሆነ? ወደ ድሬ እኮ መውጣት ነው።»

ኩርፊያዬን ረስቼ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ቀስቱን እያየ፣ «እኔ ወድጄ የመጣሁ መሰለሽ?» አለኝ። «እንቢ ብል ያባርሩኛል። አንቺን ትቼ ብመጣ ደግሞ እዚህ ከማን ጋር ላወራ ነው?»

ለካ እሱም እንደኔ ተይዞ ነበር፤ አንጀቴን በላው። ባርኔጣውን አራግፎ ተነሣና ቀስቱን ላለመርገጥ ዞሮ ወደ ሐዲዱ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲያ ላኮርፈው አልቻልኩም፤ ትምህርት ቤትም አልተመለስኩም።