ለአራሚው ዓይን የተሠራች ፕሮግራም

ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ ሒሳብ አስተምራ ጡረታ ወጥታለች። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ማተሚያ ቤት አራሚ ነው። ፊደል ሲለቅም የኖረ ዓይኑ እየደከመ ሄዶ የኮምፒውተሩ ጽሑፍ እንደ ጉንዳን ይተራመስበት ጀመር። መነጽር ቢቀያይር፣ ሐኪም ዘንድ ቢመላለስ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

«እትዬ፣ የኔ ሥራ እንግዲህ አበቃለት» አላት አንድ ቀን፣ ስለ አየሩ የሚያወራ ሰው መስሎ።

እሷም ሄዳ ፕሮግራም መጻፍ መማር ጀመረች። ስትሳሳት ስታርም ከርማ፣ ብራውዘር በሚሉት የኢንተርኔት ማሰሻ ላይ የምትጨመር አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠራች። ፊደሉን ታጎላለች፤ የሚነበበውን መስመር አድምቃ የቀረውን ታደበዝዛለች። ወንድሟ አጠገቧ ቁጭ ብሎ «ይቺ ቢጫ ዓይኔን ወጋችኝ» ሲላት፣ የያዘው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ትቀይርለታለች። ሥራውንም ሳይለቅ ቀረ። ባልደረቦቹም ፕሮግራሟን ወሰዷት፣ እነሱም ለሌላ ሰጡ። የማታውቃቸው ሰዎች ምርቃት ይጽፉላት ጀመር።

በዚህ መሃል የማሰሻው ባለቤት ድርጅት፣ እሱ መርምሮ ያልፈረመበት ተጨማሪ ፕሮግራም ከእንግዲህ አይሠራም የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ቲቸር ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አንድ ጠዋት ወንድሟ ከቢሮ ደወለ።

«እትዬ፣ ጠፋች።»

«ማን?»

«ፕሮግራምሽ ናታ። ያልተፈረመባት ስለሆነች ተዘግታለች ይላል።»

ደሟ ፈላ። «ለገዛ ወንድሜ ዓይን የማንን ፊርማ ነው ደጅ የምጠናው?» እያለች ፊርማ የማይጠይቀውን አሮጌ ማሰሻ ልትጭንለት ማተሚያ ቤት ሄደች። ገና ከመግባቷ ገንዘብ ያዧ ጠራቻት።

«ቲቸር፣ አይቀየሙኝና፣ የእርስዎን ፕሮግራም ከጫንኩ ወዲህ በኢሜይሌ ሌላ ሰው ይጽፍበታል።»

የገንዘብ ያዧ ማሰሻ ገና ስላልታደሰ ፕሮግራሙ አልተዘጋም ነበር፤ ቲቸር ከፍታ አየችው። ስሙ የእሷ፣ ቀለሙ የእሷ ነው። ውስጡ ግን እሷ ያልጻፈቻቸው መስመሮች ተሰግስገዋል፤ ሰው የሚስጥር ቃሉን ሲጽፍ ቀድተው ወዲያ ማዶ ይልካሉ። አንዱ ሥራዋን ገልብጦ ሌባ አድርጎት ኖሯል። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ምርቃት የጻፈላት ሰው የትኛውን ይሆን የጫነው? ከገንዘብ ያዧ ጋር የሚስጥር ቃሏን ቀይረው፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ሐሰተኛውን አጠፉ።

ቤቷ እንደ ገባች ፕሮግራሟን ለምርመራ ላከች። የድርጅቱ ሰዎች አልፈቀዱም። ፕሮግራሟ ቀለሙንና የፊደሉን መጠን ከቲቸር የኢንተርኔት ገጽ ላይ እያወረደች ስለምትቀይር፣ ነገ ምን እንደምታወርድ ማወቅ አይቻልም አሏት። ለወንድሟ ወዲያው ወዲያው የምታስተካክልለት በዚያው መንገድ ነበር።

«ይቅር» አላት ወንድሟ። «እኔ ብጠብቅ ምን እሆናለሁ? ገንዘብ ያዧን ግን ሌላ ጊዜ ማን ያድናታል?»

ከገጿ የሚያወርደውን ክፍል ቆርጣ ጥላ እንደገና ላከች። ተፈረመላት።

ነገሩ ለሁሉም እንዲህ አልቀና። በደብዳቤ ብቻ የምታውቃቸው አንድ ጡረተኛ ፋርማሲስት፣ የመድኃኒት ስም የምታብራራ ፕሮግራማቸው ከምርመራ ደጋግማ ስትመለስባቸው «በዚህ ዕድሜዬ ደጅ ጥናት አልችልም» ብለው ተዉት። ለምና ተቀበለቻቸውና አስተካክላ አስፈረመችላቸው። የሌሎቹን ግን አልቻለችውም፤ ስንቱ በየቤቱ የሠራው እንደ ዋዛ ጠፋ።

ዛሬ ትንሿ እርማት እንኳ የምርመራ ተራ ትጠብቃለች። ወንድሟ ቅሬታውን አጠራቅሞ እሑድ ይመጣል።

«የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይላታል ሲያጽናናት።

«እኔ የቸኮልኩት ላንተ እንጂ ለቀንድ ነው?» ትለውና ማሰሻውን ትከፍትለታለች። እሱ እያነበበ ያማርራል፤ እሷ ታስተካክላለች። ሲስማሙ ለምርመራ ትልከዋለች፤ ከዚያ ምሳ ይበላሉ።